የፈረንጅ አልጫ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ወጥ ነው የምጽፈው። መጨረሻው የት እንደሚያደርሰኝ ግን ከወዲሁ ቃል አልገባም፤ የኛ ሀገር ሰው ስለ ወጥ ሲያወራ እንኳ "ለመሆኑ ሀገርህ የት ነው?" የምትለዋ ጥያቄ ጋ ሳይደርስ አይቀርም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። አገር ቤት እያለሁ ድስት ከፍቼ ከማየት በቀር ወጥ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ለመቶ ሃያ ሽማግሌና አሮጊት ምሳ እሠራለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻ "ሽንኩርቱን ግን ታቁላላዋለህ?" አለችኝ።

ረቡዕ ረቡዕ "ዋይት ቺሊ" እንሠራለን። ነጭ ቺሊ ማለት ነው። ቺሊ የሚባለው የአሜሪካኖች ወጥ በመነሻው የቴክሳስ ነው። ሥጋና ደረቅ ቀይ በርበሬ አብሮ እየተንተከተከ የሚወፍር፣ ለኛ ሰው ከቀይ ወጥ ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። ሳን አንቶኒዮ በምትባለው ከተማ ሴቶች እስከ 1930ዎቹ ድረስ ማታ ማታ አደባባይ ላይ ድስት ጥደው ይሸጡት ነበር። ነጩ ቺሊ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቀይ በርበሬ የለውም፣ ቲማቲም የለውም። ነጭ ቦሎቄ፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ የአጥንት መረቅ፤ አለቀ። መጀመሪያ ቀን ድስቱ ውስጥ ዐይቼ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነበር፦ "አልጫ!"

ሌላው ቤት በዶሮ ነው የሚሠራው። እኛ ግን በአሳማ ጥብስ ነው። ምክንያቱ ዋጋው ነው። ሚኒሶታ ከአሜሪካ ዋና ዋና አሳማ አርቢ ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት፤ የአሳማ ወርች እዚህ ርካሽ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ነው የሚጠበሰው። ወርቹን ጨው፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት አሽቶ በዝቅተኛ ሙቀት ኦቨን ውስጥ መክተት ነው። እዚህ ሀገር ሥጋ በዐይን አይታመንም፣ ቴርሞሜትር ይወጋበታል። የአሳማ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሲደርስና ትንሽ ሲያርፍ በጤና ረገድ ይበላል ይባላል፤ ወርች ግን በዚያ ሙቀት ጎማ ነው። ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ነው ጅማቱ ቀልጦ በሹካ ሲነኩት የሚተለተለው። ይህ አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል። በነዚያ ሰዓታት ውስጥ ቤቱን ሁሉ የሚሞላ ሽታ አለ። አልዋሻችሁም፣ ሽታው ደስ ይላል። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን በቃሌ ባልወጣውም፣ እሪያ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳምና ርኩስ ነው የሚለውን ያልሰማ ልጅ የለም። እኛ ደግሞ ወሎዎች ነን፤ የእናቴ ወንድም ሙስሊም ነው፣ አያቴም ሙስሊም ነበሩ። በቤታችን ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ቀን እንኳ ያልተከራከሩበት ነገር ቢኖር አሳማ ነበር።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አሉ። "አዴ" እላቸዋለሁ፤ በወለጋ ትልቅ ሴት እንዲያ ነው የምትጠራው። እሳቸው "ኢልማ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። አዴ የመካነ ኢየሱስ አማኝ ናቸው። በመጽሐፉ በኩል የሚከለክላቸው የለም፣ ግን እሳቸውም አሳማ አይነኩም። ሳይነኩ ያበስላሉ፣ እንደኔ።

ችግሩ ቅምሻው ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ሕግ እያንዳንዱ ድስት ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር እንዲጻፍበት ያዛል፤ ሙቀቱና የቀማሹ ፊርማ። ሙቀቱን እኔ እወስዳለሁ። ቅምሻውን አንድ ሜክሲኮአዊ ዕቃ አጣቢ ነበር የሚሠራልን። ጎበዝ ምላስ አለው። አንድ ማንኪያ ይወስድና "ጨው" ወይም "ሎሚ" ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። አንድ ቀን ግን ረዘም አድርጎ አወራ። እናቱ አገር "ፖሶሌ" የሚባል አለ አለ፤ አሳማና በኖራ ውኃ የተቀቀለ በቆሎ፣ ነጩ ዓይነት በርበሬ የለውም። "ይሄ ወጣችሁ የጎደለው በቆሎ ነው" አለን። አዴና እኔ ተያየን። በቆሎ ንፍሮ ከአሳማ ጋር አንድ ድስት ውስጥ። እኛ የምናውቀው አሳማና በቆሎ ሲገናኙ የሚሆነው ሌላ ነበር።

እዚህ ላይ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

የተወለድኩት አንገር ጉቲን ነው፣ ምሥራቅ ወለጋ። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በመንግሥት መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። ደርግ ያኔ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከሁሉም ብዙውን ሰው የተቀበለችው ወለጋ ነች። መንደራችን ስም አልነበረውም፣ ቁጥር ነበረው። የአንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳ ወደ ዓባይ የሚወርድበት ቆላ ነው። ወባ አለ። ቆላ ዝንብ አለ፣ በሬውን ገንዲ ይጨርሰዋል። አባቴ ሦስት በሬ በገንዲ ቀብሯል። አፈሩ ግን አፈር ነው! በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ በርበሬ፣ ቦሎቄ፤ የጣልከውን ሁሉ ይመልስልሃል። መሬቱ ባዶ ነው ተብለው ነበር የመጡት። ባዶ አልነበረም። ይህን እኔ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አባቴ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን የወባ መድኃኒት ቅጠል ያሳዩት ከጅረቱ ማዶ ያሉ ኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው።

በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ የዱር አሳማ ይመጣል። ቀን ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማታ አሳማ። ዝንጀሮ ሌባ ነው፣ አንድ ሁለት ነጥቆ ይሸሻል። አሳማ ሌባ አይደለም፣ ወራሪ ነው። ከበላው የረገጠው ይበዛል፤ በአንድ ሌሊት ጥማድ ሙሉ በቆሎ መሬት ላይ አንጥፎት ይሄዳል። ስለዚህ ማማ ይሠራል። እኔና ወንድሜ ማማው ላይ ከነወንጭፋችን እናድራለን። ጅራፍ እናጮሃለን፣ ቆርቆሮ እንቀጠቅጣለን፣ ከዚያ እንጮሃለን። ጩኸታችን ሲያልቅ ከጅረቱ ማዶ ሌላ ጩኸት ይሰማል። እነሱም ማማ ላይ ናቸው። እኛ ያባረርነው አሳማ ወደነሱ ይሄዳል፣ እነሱ ያባረሩት ወደኛ ይመጣል። ፊታቸውን አላውቀውም፤ ድምፃቸውን ግን አውቅ ነበር። አንዷ ሴት ልጅ ነበረች፣ ስትጮህ ጅብም ይደነግጣል እንል ነበር።

አንዳንዴ አሳማው ይገደላል። ስብ የጠገበ፣ ሰማንያ ኪሎ የሚሆን ሥጋ ይጋደማል። በዚያ ዓመት መንደሩ ሥጋ ካየ ፋሲካ አልፎታል። አንድም ሰው ግን ቢላ አያነሳም። በእግሩ ጎትተን ገደል እንጥለዋለን፣ ጅብ ይበላዋል። እናቴ እጃችንን በአመድ ታሳጥበናለች። ከድርቅ ሸሽተው የመጡ ሰዎች ነበሩ እኮ። በረሀብ ልጅ የቀበሩ ሰዎች። ያም ሆኖ ያንን ሥጋ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው "ኋላቀርነት" ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰው ሁሉን አጥቶ ሲሰደድ ይዞት የሚሄደው ዕቃ ትንሽ ነው፤ ከያዙት ጥቂት ነገር አንዱ "ይህን አንበላም" የሚለው ነበር።

በ2015 እናቴ ከአንገር ጉቲን ወጣች። እንዴት እንደወጣች አልጽፍም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁም ከዚህ በላይ ብነግራችሁ የምትሰሙት እኔ ያልኩትን ሳይሆን የምትፈልጉትን ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ናት፣ ቻይና ካምፕ በሚባለው። አባቴ ከዚያ ቀደም ብሎ አርፏል፣ ተገላገለ።

እኔ ደግሞ እዚህ "ሀገርህ የት ነው?" ሲሉኝ "ነቀምቴ" ማለት ጀመርኩ። ሚኒሶታ ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኦሮሞ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ገበያ ውስጥ የወለጋ ሰው አይጠፋም። "አንገር ጉቲን" ካልኩ ማን እንደሆንኩ፣ ወላጆቼ በየትኛው መኪና እንደመጡ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታወቃል። ኦሮምኛዬ የማያሳፍር ስለሆነ ነቀምቴ ይበቃኝ ነበር። ለአዴም ነቀምቴ አልኳቸው። እሳቸውም "እኔም ነቀምቴ" አሉኝ። ሁለት ዓመት ያህል አንድ ድስት ስናማስል ስለ ነቀምቴ አንድም ነገር ሳናወራ ከረምን። ስለ ገበያው፣ ስለ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ አንዲት ካፌ እንኳ አላነሳንም። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ረቡዕ ሜክሲኮአዊው አልመጣም፣ ልጁን አሞት ነበር። ዋናዋ አብሳይ ዕረፍት ላይ ናት። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ድስቱ መውጣት አለበት፣ ወረቀቱ ላይ ፊርማ የለም። ያውም ረቡዕ ነው፣ ያውም የነቢያት ጾም ገብቷል።

አዴን "እርስዎ ይቅመሱት፤ ለጴጥሮስ በራእይ ተነሣና ብላ ተብሎ የለም እንዴ?" አልኳቸው።

"ለጴጥሮስም ሦስት ጊዜ መደጋገም አስፈልጎታል፤ ለኔ ገና አንዴም አልወረደልኝ" አሉ።

ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። እዚያ ማዶ አዳራሽ ውስጥ ጥርስ የሌላቸው፣ ራሳቸውን ችለው የማይቆሙ ሰዎች ማንኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ጨው የበዛበት ነገር ብንሰጣቸው ደም ግፊት ያለባቸው ስንት ናቸው? ንጹሕ ማንኪያ አነሳሁ፣ ሥጋውን ሸሽቼ ከዳር መረቁን ብቻ ቀዳሁ፣ ቀመስኩ።

የሆነ ነገር ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልሆነም። ጨው ጎድሎታል። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ሎሚ ጨመርኩና ፈረምኩ። ከዚያ አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ፣ እጄንም ታጠብኩ፤ አመድ ግን አልነበረም።

አዴ እያዩኝ ቆዩና በኦሮምኛ "ይሄ ቦዬ፣ የአባቴን በቆሎ ጨርሶ አሁን ደግሞ እዚህ ድረስ ተከተለን!" አሉ። ቦዬ አሳማ ነው።

"የኛንም ጨርሶታል" አልኩ፣ ሳላስበው።

"የናንተን የት? ነቀምቴ ከተማ ውስጥ?"

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ጀምረው ነበርና ቀጠሉ። ማማ ላይ ያድሩ እንደነበር፣ ከወንድሞቻቸው ሁሉ ድምፃቸው ይጎላ እንደነበር፣ ከጅረቱ ማዶ የሰፈራ መንደር ልጆች በአማርኛ እየጮኹ ይመልሱላቸው እንደነበር። "የሚሉት አይገባኝም ነበር፤ ግን እነሱ እስካሉ ድረስ አልፈራም ነበር" አሉ።

"የት ነበር?" አልኩ።

"ጊዳ። ወደ አንገር ወረድ ብሎ።"

ያቺ ጅብ የምታስደነግጠዋ ልጅ እሳቸው ናቸው አልልም። ዕድሜያችን አይገጥምም፤ ቢያንስ አሥር ዓመት ይበልጡኛል፣ ጅረቱም አንድ አይደለም። ያገሬ ቆላ በጅረት የተሞላ ነው። ግን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ "እኔ የአንገር ጉቲን ልጅ ነኝ" አልኩ። ቺሊው በጋሪ ወጣ፣ እኛ እዚያው ቆመን ቀረን። የአዴም የወንድማቸው ቤት ተቃጥሏል፣ እነሱም ተበታትነዋል። አያታቸው ከብት ያሰማሩበት የነበረ ሜዳ ላይ ነው መንደራችን የተሠራው፣ ይህንንም ነገሩኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ እንዲሁ እንደ ካርታ ነው የነገሩኝ። የወንድማቸውን ቤት ማን እንዳቃጠለው አልጠየቅኳቸውም። የእናቴን ቤት ማን እንዳቃጠለው አልጠየቁኝም። ይህ ፍርሃት ይሁን ጨዋነት እስካሁን አልለየሁትም።

ለልደት በዓል ሦስት ቤተሰብ ሆነን ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ገበሬ ፍየሎች ገዝተን ቅርጫ ገባን። የኔ ድርሻ ወርችና አጥንት ነበር። አዴ "በል ያንን ነገር እንደ ሰው እንሥራው" አሉኝ፤ ያንን ነገር ያሉት ነጩን ቺሊ ነው።

እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያም የተነሳሁት። ግማሽ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ ከማታ ጀምሮ በብዙ ውኃ ይዘፈዘፋል። ትንሿ ክብ ዘር ጥሩ ናት፤ አገር ቤት በስምጥ ሸለቆ ለውጭ ገበያ የሚመረተው አዋሽ የሚባለው ዘር ዓይነት ማለት ነው። ጠዋት ውኃው ይደፋና በአዲስ ውኃ ይቀቀላል፣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጠንክሮ ይፍላ፣ ከዚያ ቀስ ይበል። ቲማቲምም ሆነ ሎሚ ሳይበስል እንዳይነካው፤ ኮምጣጣ ነገር ቦሎቄን ያደነድነዋል። የፍየሉን ወርች፣ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል፣ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና ድንብላል አሽታችሁ ተሸፍኖ 150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሦስት ሰዓት። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓት ክዳኑ ይነሳ፣ ፊቱ ይቀላ። አጥንቱ ለብቻው መረቅ ይሁን። ስድስት ሰባት ቃሪያ እሳት ላይ ቆዳው እስኪጠቁር ይጠበስና ይላጥ፣ ይከተፍ።

ሽንኩርቱ ላይ ነበር የተጣላነው። እኔ በዘይት ልል ስል አዴ ከእህታቸው የተላከ ቅቤ አወጡ። እኔ እርድ ላስገባ ስል እጄን መቱኝ። "ነጭ ነው የተባለው፤ ቢጫ ማን አለህ?" እርድ የሌለው አልጫ አልጫ ነው ወይ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ እርድ ቀረ፣ በምትኩ ኮረሪማ ገባ፤ በኔ በኩል ሽንፈት ነው፣ ግን አልቆጨኝም። ከቦሎቄው ሲሶውን በማንኪያ ጀርባ አልመን መለስነው፣ ወጡን የሚያወፍረው እሱ ነው፤ ፈረንጆቹ ለዚህ ክሬም ይጨምራሉ። ሥጋው ተተልትሎ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። የበላነው በእንጀራ አልነበረም፣ በበቆሎ ቂጣ ነበር።

ስንበላ እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ምን በላህ?" ነው። ድስቱን አሳየኋት።

"የማን ቤት ነው?"

"የአንዲት ትልቅ ሴት። የጊዳ ሰው ናቸው።"

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እኔም ስልኩን የያዘው እጄ ላበው። ከዚያ "ከጊዳ በየት በኩል?" አለች።

ስልኩን ለአዴ ሰጠኋቸው። እናቴ ኦሮምኛ ከኔ ትበልጣለች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ገበያ የወጣችበት ቋንቋ ነው። እንዴት ዋላችሁ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፤ የሌለ ከብት ሁሉ ደህንነቱ ተጠየቀ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ እማዬ የት ትጀምር፣ ስለ ቦሎቄ! ደብረ ብርሃን ቦሎቄ አይበስልም ብላ አማረረች። ቆላ ሳለን ከሰዓት ተጥዶ ለራት የሚደርሰው፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ ተጥዶ ማታ ጥርስ ይሰብራል፣ እንጨት ይጨርሳል፣ እንጨት ደግሞ የሚገዛ ነው። የተረገመ ቦሎቄ ነው የሚሰጡን አለች።

ቦሎቄው አልተረገመም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 91 ገደማ ላይ ነው። ቢንተከተክም ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ፣ "ውኃ ካልሞቀ ለምን ይፈላል?" ብላ ዘጋችኝ። አዴ ወስደው በራሳቸው መንገድ አስረዷት፣ ምን እንዳሏት ሙሉውን አልሰማሁም፤ ድንጋይ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። አሁን እሑድ እሑድ ያለ እኔ ይደዋወላሉ።

ስለ ማንኪያዋ ግን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፣ ያ የኔና የሳቸው ነው። ሜክሲኮአዊው ተመልሷል፣ ረቡዕ ረቡዕ "ጨው" ይላል፣ እንጨምራለን።

እህቴ ይህን ቻናል እንደምታነቢ አውቃለሁ። ለእማዬ ሙሉውን እንዳታነቢላት። ስለ ቦሎቄው ያለውን ብቻ ንገሪያት፦ ከማታ ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይቀየር፣ ክዳኑ ላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበት። ብረት ድስቱን በሚመጣው ሳምንት ሰው ይዞላችሁ ይመጣል።